በ68 ዓመት የቀደመው አሠልጣኝ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ አሜሪካኖች «ፉትቦል» ሲሉ እኛ የምናውቀውን የእግር ኳስ ማለታቸው አይደለም። የነሱ ኳስ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት፤ ተጫዋቹ በብብቱ ሸጉጧት ይሮጣል፤ ተጠልፎና ተገፍትሮ ከመሬት ካልወደቀም በቀር አይቆምም። ለዚህ ጨዋታ የሚፈለገው ግዙፍ ሰው ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ፍሪትዝ ፖላርድ ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ75፣ ክብደቱም 75 ኪሎ ግድም ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ፖላርድ በ1894 ዓ.ም. በሺካጎ ከአንድ ጥቁር ፀጉር አስተካካይ ተወለደ። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሲማር የጓደኞቹን ልብስ እየተኮሰ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ከናንተ መካከል በእንዲህ ያለ መንገድ ትምህርቱን የገፋ ስንቱ ይሆን! በ1916 ዓ.ም. የዬልንና የሐርቫርድን ቡድኖች በተከታታይ ሳምንት ድል ሲያደርጉ የብራውን ጀግና እሱ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. የመኪና ጎማ በሚሠራባት በአክረን ከተማ ቡድን ገባ። ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ጨዋታ ሲኖር ልብሱን የሚለውጠው ከጓደኞቹ ጋር ሳይሆን ከቡድኑ ባለቤት የሲጋራ መደብር ውስጥ ነበር፤ ወደ ሜዳውም የሚደርሰው ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነው። ተመልካቹ ይሰድበዋል፤ ተጋጣሚዎቹም ከወደቀ በኋላ ይከመሩበታል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀ። ልክ እንደ ወደቀ በጀርባው ተገልብጦ ጥርሳም ጫማውን ሽቅብ ያነሣል! በላዩ መውደቅ የፈለገ እንግዲህ ያስብበት። ቡድኑም በዚያ ዓመት 8 ጊዜ አሸንፎ፣ 3 ጊዜ እኩል ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የአዲሱን ማኅበር የመጀመሪያ ዋንጫ ወሰደ። ይህ ማኅበር ዛሬ ኤን ኤፍ ኤል የሚባለው ነው።

በ1921 ዓ.ም. ፖላርድ መጫወቱን ሳይተው የአክረን አሠልጣኝ ሆነ። ነጮች ተጫዋቾች ከጥቁር ሰው ትእዛዝ ሲቀበሉ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ምን ማለት እንደነበረ ገምቱት። ኋላ በዘፋኝነቱ ዓለም ያወቀውን ጶል ሮብሰንንም በዚያው ዓመት ወደ ቡድኑ አመጣው፤ ሮብሰን ያን ጊዜ የሕግ ተማሪ ነበር።

ከ1926 ዓ.ም. በኋላ ፖላርድ በማኅበሩ ውስጥ አልታየም። የባሰው ግን ከዚያ ወዲህ መጣ፤ ከ1934 እስከ 1945 ዓ.ም. በማኅበሩ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልተሰለፈም። ይህን የሚያዝ የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ቢሮ የምትሠሩ ሰዎች፣ ያልተጻፈ ደንብ ከተጻፈው ይልቅ ለክርክር እንደማይመች ሳትረዱት አትቀሩም፤ አንቀጹ የት አለና ትጠቅሱበታላችሁ? ፖላርድ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የጥቁሮችን ቡድን ሺካጎ ላይ አቋቁሞ አሠለጠነ፤ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮም የኒውዮርኳን ሐርለም ቡድን ያዘ። ቡድኑ የተሰየመው በቡጢኛው በጆ ሉዊስ ቅጽል ስም ነው። ያ ዓመት ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን የወረረበት፣ የሐርለም ሕዝብም ስለ ኢትዮጵያ አደባባይ የወጣበት ዓመት ነበር።

ፖላርድ በ92 ዓመቱ፣ በ1986 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሞተ። በ1989 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የሬይደርስ ቡድን የቀድሞ ተጫዋቹን አርት ሼልን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ሾመው። ሼልም ጥቁር ነው፤ ስሙ ሲነሣ «በአዲሱ ዘመን የመጀመሪያው» ይባላል። «በአዲሱ ዘመን» የምትለዋን ቃል ያስጨመረው ፖላርድ ነው።

የፖላርድ ስም ከማኅበሩ ታላላቅ ሰዎች መዝገብ የገባው በ2005 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ የሚገኝበት አዳራሽ ካንተን በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ከአክረን እዚያ ለመድረስ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል።