ክንፉ ሲረዝም ፍሬኑ የት ነበር?

የ1959 ካዲላክ ፎቶ በታየ ቁጥር የሚከተለው ምስጋና ያው ነው፦ ያኔ መኪና የሚሠሩት አርቲስቶች ነበሩ፣ ዛሬ ግን የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው ይባላል። ውበቱን አልክድም። ሽቅብ የተሳለው የኋላ ክንፍ፣ እንደ ሮኬት እሳት የተሰኩበት ጥንድ ቀይ መብራቶች ዓይን ይይዛሉ። ክንፉን የነጻ ጥበብ ልጅ ማድረግ ግን ተረት ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ያኔም ነበረ።

ጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን ክፍሉን በሃርሊ ኧርል መሪነት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። የኩባንያው አለቃ የአልፍሬድ ስሎን ስሌት ግልጽ ነበር፤ ባለመኪናው ገና ምንም ያልጎደለውን መኪናውን የዘንድሮው ሲወጣ ይፈርበት። ኧርል በጦርነቱ ጊዜ ያየው የፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን ጅራት በ1948 ካዲላክ ላይ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ብቅ አለ። ተወደደ። ከዚያ ወዲያ ቁመቱን የወሰነው ፉክክር ነው፤ ክራይስለር በ1957 ክንፉን ሲያስረዝም ጄኔራል ሞተርስ በ1959 በለጠው። የክራይስለር መኪና የሆነው የፕሊመዝ የ1957 ማስታወቂያ 1960 ከጊዜው ቀድሞ መጣላችሁ ይል ነበር። ተጣድፈው የተሠሩትን ብዙዎቹን መኪኖች ግን እውነተኛው 1960 ሳይደርስ ዝገት ጀመራቸው።

የሌላው የጄኔራል ሞተርስ መኪና፣ የቢዩክ፣ የጎን ቀዳዳዎችስ? ዲዛይነሩ ኔድ ኒክልስ የራሱን መኪና ኮፈን ጎኑን በስቶ መብራት አስገባበት፤ ከሞተሩ ማቀጣጠያ ጋር ስላያያዛቸው ሲሊንደሩ በተቀጣጠለ ቁጥር ብልጭ ይሉ ነበር። ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ እኔም ባየው እስቅ ነበር። ፋብሪካው በ1949 ሐሳቡን ሲወስድ መብራቱን ትቶ ቀዳዳውን አስቀረ። ውዱ ሮድማስተር በየጎኑ አራት፣ ረከስ ያለው ሱፐር ሦስት። ብዙም ሳይቆይ አየር እንኳ የማያሳልፍ ጌጥ ሆነ፤ ጎረቤት ግን ቀዳዳ ቆጥሮ የባለቤቱን ኪስ ይገምት ጀመር። በ1958 ደግሞ የቢዩክ ማስክሪና 160 የክሮም ካሬዎች ተደረደሩበት።

ውስጡን ለቄስ። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝነው የ1959 ካዲላክ በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነበረው፤ የፍሬኑ ዘይት መስመር አንድ ወጥ ስለሆነ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ የማይታጠፍ፣ ከሾፌሩ ደረት ፊት ለፊት የተተከለ ብረት ነው። ክንፉ ራሱም ጉዳት ያደርስ ነበር፤ የመኪና ደህንነት ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ብስክሌት ስትነዳ ከቆመ ካዲላክ ክንፍ ጋር ተጋጭታ የሞተች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ታሪክ አለ።

ገዢው ራሱ ደህንነት አልፈለገም የሚል መከላከያ አለ። ፎርድ በ1956 ቀበቶና ስፖንጅ የለበሰ ዳሽቦርድ ይዞ ቀርቦ ሸቭሮሌ በሽያጭ በለጠው፤ የመኪና ሠሪዎቹ ከተማ ዲትሮይትም ደህንነት አይሸጥም ብላ ደመደመች። ከ1948 በፊት ግን ክንፍ ስጡኝ ያለ ገዢ የት ነበር? ፍላጎቱን የፈጠረው ዓመት ከዓመት የጎረፈው ማስታወቂያ ነው፤ ለፍሬን ያን ያህል የደከመ አልነበረም።

የዚህን ፉክክር ወጪም ያሰሉት አሉ። ፊሸር፣ ግሪሊከስና ኬይሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1962 ባወጡት ጥናት መኪኖቹ የ1949ኙን መጠንና ጉልበት ይዘው ቢቆዩ ኖሮ ከ1956 እስከ 1960 በየዓመቱ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይቆጠብ ነበር። ይህ ነዳጁን ጨምሮ ነው።

ሙዚየሞች ካዲላኩን ያሳዩ፣ ክሮሙንም ይወልውሉ። አጠገቡ ግን ጄኔራል ሞተርስ በ1967 መኪኖቹ ላይ ያስገባውን፣ በግጭት ጊዜ ወደ ውስጥ የሚሰበሰበውን የመሪ ዘንግ ቆርጠው ያስቀምጡ፤ ከግርጌውም የአሜሪካ የመኪና ደህንነት ሕግ የወጣበት ዓመት፣ 1966፣ ይጻፍ።