አመኑ ወይስ ደረሳቸው?

ሰሞኑን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ስታስቸግረኝ ሰንብታለች። «አክኖሌጅ» ትባላለች። የውጭ ዜና ማሰራጫዎች ስለ አገራችን ባለ ሥልጣናት ሲጽፉ ይወዷታል፤ እገሌ እንዲህ መደረጉን «አክኖሌጅ» አደረጉ ይሉናል። የእኛዎቹ ተርጓሚዎች ደግሞ ወዲያው «አመኑ» ብለው ይገለብጧታል። እውነት አመኑ ማለት ነው? ወይስ ወሬው ደረሳቸው?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ይህችን ቃል የሚያገኛት ከኢሚግሬሽን በሚመጣለት የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ነው። ትርጉሟ «ማመልከቻህ ደርሶናል» ነው፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ኪዳን የለባትም። ደብዳቤውን ይዞ «ጉዳዬ አለቀ» ብሎ ለዘመድ አዝማድ የደወለ ወዳጅ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደጠበቀ እሱና ጠበቃው ያውቁታል። ለኮንግረስ አባላትና ለአውሮፓ መንግሥታት አቤቱታ ስንልክ የሚመጣልን መልስም ከዚህችው ዘር ነው። ደርሶናል፣ እናመሰግናለን፣ አለቀ።

ሁለተኛዋ ትርጉም ክብደት አላት። አገር ቤት ላለ ንብረት ውክልና ለመላክ ኖታሪ ፊት የቆመ ያውቃታል። መታወቂያህን አሳይተህ፣ ፊርማው የእኔ ነው፣ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜያለሁ ትላለህ፤ እሱም በማኅተሙ ያረጋግጥልሃል። በሕግ እንግሊዝኛ ይህ «አክኖሌጅመንት» ነው። ሰነዱ ውስጥ የተጻፈው ነገር ኖታሪውን አያገባውም፤ የሚፈልገው እጁ የማን እንደሆነ ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ በመጽሐፍ መግቢያ ላይ የምትገኘው የምስጋና ገጽ ናት።

እንግሊዝኛ ሦስቱን በአንድ ገመድ ያሰረው ያለ ምክንያት አይደለም። በቃሏ ሆድ ውስጥ «ኖሌጅ»፣ ማለትም ዕውቀት አለ። የእኛም «ዕውቅና» ከ«ዐወቀ» የወጣ ነው። ማወቄን በአደባባይ እናገራለሁ ነው ነገሩ።

አማርኛችን ግን ሁለተኛዋን ለይቶ ከባድ ስም ሰጥቷታል። ፍርድ ቤት ተከሳሹን የሚጠይቀው «የእምነት ክህደት ቃል» ነው። የማመን ተቃራኒው መካድ ነው፤ ጓደኛን መካድ፣ ሃይማኖትን መካድ የምንለውም በዚሁ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ለእነዚህ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ እኛ ዘንድ እውነትን የካደና ወገኑን የከዳ በአንድ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ በአማርኛ «አመኑ» ተብሎ ሲጻፍ ለሰውየው ብዙ ነገር ተሰጠው ማለት ነው።

እስቲ ጣሊያንን እንይ። በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ መዝነቡን ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለዓለም ተናግረዋል። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነድ እየቆጠረ ሲጽፍ በአገሩ ሰዎች ሲሰደብ ኖሯል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማቸው ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት! ወጣት መኮንን ሆኖ የዘመተውና በኋላ ታዋቂ ጋዜጠኛ የሆነው ኢንድሮ ሞንታኔሊም ሲክድ ኖሮ በዚያው ዓመት ነው የተረታው። ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት!

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከምርጫ 97 በኋላ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ አሳወቀ። ቁጥሩ ተነበበ፤ የተወሰደው እርምጃ ግን ከመጠን ያለፈ አልነበረም ተባለ። ከመጠን ያለፈ ኃይል መወሰዱን ቀደም ሲል በድምፅ ወስነን ነበር ያሉት ሰብሳቢውና ምክትላቸው አገር ጥለው ተሰደዱ። ሬሳው «ደርሶናል»፣ እጁ ግን የማንም አይደለም።

ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሰው ማሠቃየትና ጨለማ ቤት ማሰር የእኛ የራሳችን የሽብር ሥራ ነው ብለው ፓርላማ ውስጥ ሲናገሩ እዚህ ስደት ላይ ያለቀሰ ብዙ ነው። እኔ ግን ያን «እኛ» አልወደድሁትም። «እኛ» ኖታሪ ፊት አይፈርምም። እርግጥ ነው፣ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ የተያዙ የደኅንነት ሰዎች ነበሩ። ግን ጊዜ ሳይቆይ ሌላ ክህደት መጣ። የኤርትራ ወታደሮች ትግራይ ውስጥ የሉም እየተባለ ወራት አለፉ፤ መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ መግባታቸውን ለፓርላማ ተናገሩ። የውጭ ዜና ወኪሎችም «አክኖሌጅ አደረጉ» አሉ። በዚያን ቀን የአክሱም ሰው ሬሳውን ከቀበረ አራት ወር ሊሞላው ነበር። ለእሱ ምን አዲስ ዕውቀት መጣለት?

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ወረቀቱ ደርሶናል።

የእኛስ ሠፈር? በተቃዋሚው ጎራ ሦስተኛዋ ትርጉም ሞልታ ትፈሳለች። ስብሰባ ሲከፈት ለኮሚቴው፣ ለአዳራሹ፣ ለምግቡ የሚቀርበው ምስጋና ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የድጋፍ ድርጅቱ ለምን ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ታክሲ ነጂውና የሰው ቤት ሠራተኛዋ ያዋጡት ገንዘብ የት ገባ ሲባል ግን «አንዳንድ ስህተቶች ተፈጽመዋል» ይባላል። ማን ፈጸማቸው? ስህተት ራሱን ይፈጽማል እንዴ? የድሮ ባለ ሥልጣናትና የፓርቲ ሰዎች የሚያሳትሟቸውን የትዝታ መጻሕፍትም ተመልከቱ። ለባለቤት፣ ለኮምፒውተር ጸሐፊ፣ ለአራሚ ምስጋናው ገጽ ሙሉ ነው። እገሌን ያስያዝሁት እኔ ነኝ የሚል አንድ መስመር ፈልጉልኝ። በየገጹ ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ስለዚህ ዜና ለሚተረጉሙ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቃሏ ስትመጣ ሰውየው «እኔ» ብሎ እንደሆነ አረፍተ ነገሩን እዩልኝ። ካለ «አመነ» ብላችሁ ጻፉለት። ካላለ ግን «ወሬው እንደደረሳቸው ገለጹ» በቂው ነው።