ስለ ሽማግሎችና ስለ እንቅልፍ ኪኒን

አባትንና እናትን በቤት አስቀምጦ መጦር ለአገራችን ሰው የቆየ ልማድ ነው። አዲስ የሆነው በራስጌያቸው ከዳዊቱና ከመነጽሩ አጠገብ የሚቀመጠው የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ስለዚሁ ኪኒን ዛሬ ጥቂት ለመናገር አስበናል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በፍቅር ነውና፥ በፍቅር የተሰጠውን ነገር ደግሞ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው።

አስቀድሞ ሽማግሌው በእውነት እንቅልፍ አጥተው እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ሰው ሲሸመግል እንቅልፉ ይቀላል፤ በጊዜ ይመጣል፥ በጊዜም ይሄዳል። ከምሽቱ በ2 ሰዓት የተኙ አባት ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ተነሥተው ዳዊታቸውን ቢደግሙ 7 ሰዓት ሙሉ ተኝተዋል። እኩለ ሌሊት ላይ የተኛው ልጃቸው ግን በድምፃቸው ነቅቶ በማግሥቱ «አባባ እንቅልፍ አጡ» ብሎ ለሐኪም ይናገራል። እንቅልፍ ያጣስ ልጁ ነው። ደግሞም ቀኑን ሲያንቀላፉ ውለው ወደ ማታ ቡናውን እስከ በረካው የጠጡ እናት ሌሊት ዓይናቸው ቢፈጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት በማታ የሚውጡም ሲመላለሱ ያድራሉ፤ ለእነርሱ የሚሻለው ሐኪም ሲፈቅድ መድኃኒቱን ወደ ጠዋት ማዛወር ነው። ቁርጥማትም፥ ሐዘንም፥ ብቸኝነትም እንቅልፍ ይነሣሉ።

ከኪኒኖቹ ሁሉ ስሙ የታወቀው ዳያዚፓም ነው፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1963 ቫሊየም ተብሎ ለሽያጭ ወጣ። ሐኪም ለጥቂት ቀን ሲያዝዘው የሚጠቅም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሥራው በጎልማሳና በሽማግሌ ሰውነት አንድ አይደለም። ሊቃውንት እንደ መረመሩት፥ የ20 ዓመት ወጣት የዋጠው ዳያዚፓም ግማሹ ከደሙ ለመውጣት 20 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፥ በ80 ዓመት ሽማግሌ ወደ 90 ሰዓት ይደርሳል። እንግዲህ በየማታው የሚውጡት ሽማግሌ የትናንቱና የትናንት ወዲያው ሳይወጣላቸው የዛሬውን ይደርቡበታል። ከዚህም የተነሣ ቀን መፍዘዝ፥ ስም መርሳት፥ የእግር መክዳት ይመጣል፤ ቤተ ሰቡም «ጃጁ» ብሎ ይፈርዳል፥ ምስክሩ ኪኒን ሳይጠራ ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው። ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ከሚሰበር ሽማግሎች ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው ሳይራመዱ ይቀራሉ።

አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ ከባልንጀሮቹ ጋራ ለሽማግሎች የማይገቡ መድኃኒቶችን ዝርዝር በ1991 አወጣ። በመጀመሪያ የተጻፈው በመጦሪያ ቤት ላሉት ነበረ፤ በ1997 ግን በየቤታቸው ለሚኖሩትም ሆነ። እስከ 2023 ድረስ ታድሶ በወጣውም ዝርዝር ዳያዚፓምና ወገኖቹ ይገኙበታል።

በዚያው ዝርዝር የሚገኝ ሌላ ነገር ደግሞ ልጆቻችን ከአሜሪካ በሻንጣ ይልኩልናል። በዚያ አገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየሱቁ ከሚሸጡት የሌሊት ሕመም ማስታገሻዎች በብዙዎቹ ውስጥ ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል፥ ለአለርጂ የሚሰጥና እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት አለበት። እናት ግን «ልጄ የላከችልኝ የራስ ምታት ኪኒን ነው» እያሉ በየማታው ይውጡታል። አፍና ሆድ ያደርቃል፥ ሽንት ይከለክላል፥ በሽማግሌ ላይ አሳብንም ያቃውሳል። የምትልክ ልጅ በዕቃው ላይ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ታንብብ።

ከሁሉ ይልቅ የምንነቅፈው ግን ሽማግሌው ሳያውቁ ኪኒኑን በወተት ወይም በሾርባ ደባልቆ መስጠትን ነው። ቤቱ ጸጥ እንዲል ብሎ ይህን የሚያደርግ ሰው አለ። በላዩ አረቄ የተጠጣበት እንደ ሆነ ትንፋሽ እስከ ማቋረጥ ይደርሳል።

ይህን ያነበበ ሰው ግን ዛሬውኑ ኪኒኑን አውጥቶ አይጣል። ለብዙ ጊዜ የለመደውን ሰውነት በድንገት ቢከለክሉት መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ያመጣል። በሐኪም ምክር በብዙ ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም በብዙ ወር፥ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። በካናዳ በኩቤክ ኪኒኑን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ፥ በየቤታቸው በሚኖሩ ሽማግሎች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ምርመራ አለ። ለአንደኛው ወገን ጉዳቱንና የመቀነሻውን መንገድ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ተላከላቸው፤ ከእነዚህ በ6 ወር ውስጥ ከመቶ 27ቱ ፈጽመው ተዉት፥ መጽሐፉ ካልደረሳቸው ግን ከመቶ 5ቱ ብቻ። ነገሩን ለራሳቸው ለሽማግሎቹ ማስረዳት ይህን ያህል ሠራ።

ወደ ሐኪም የሚወስዳቸው ልጅ በቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፥ በሻንጣ የመጣውንም ጭምር፥ በአንድ ከረጢት ይዞ ይሂድ፤ መቼ እንደ ተጀመረም ጽፎ ያሳይ። ኪኒኑ በሚቀነስበት ጊዜ ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ይጠፋ ይሆናል። በእነዚያ ሌሊቶች ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ መብራት ይተውላቸው፥ የሚያደናቅፈው ምንጣፍ ይነሣ፥ ሲጠሩ የሚሰማ ሰውም በቅርብ ይደር።