ባሕሩን አትቀባቡት

«የባሕር ውስጥ ፎቶ ቀለሙ ከተነካ ውሸት ነው» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጠዋል፤ 10 ሜትር ገደማ ሲወርዱ ቀይ ዓሣ ግራጫ መስሎ ይታያል። ጠላቂው ነጭ ሰሌዳ ይዞ በዚያው ጥልቀት የካሜራውን ዋይት ባላንስ ቢያስተካክል ውሃው የወሰደውን መመለሱ ነው እንጂ መዋሸቱ አይደለም።

ውሸቱ የሚጀምረው ሳቹሬሽኑ ያለ ልክ ሲጨመር ነው። የአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በውሃው ሙቀት የተነሳ በሰፊው ነጥቷል። ኮራል ሙቀት ሲበዛበት በውስጡ የሚኖሩትን፣ ቀለምም ምግብም የሚሰጡትን ረቂቅ አልጌዎች ያስወጣል። መንጣቱ የሕመሙ ምልክት ነው። ይህን የገረጣ ኮራል በኮምፒውተር አድምቆ ለጉብኝት ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው የታማሚን ፊት ቀባብቶ «ደህና ነው» ከሚል በምን ይለያል?

«ቱሪስት እንዳይሸሽ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ቱሪስቱ የሚመጣው ግን ለኮራሉ ነው፤ ኮራሉ ከሞተ ማን ሊያየው ይመጣል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ ጥልቀቱና የተደረገው ማስተካከያ ከፎቶው ሥር ይጻፍ፤ ያልተነካው የራው ፋይልም ይቀመጥ። እውነት የያዘ ፎቶግራፈር ይህን ምን ያስፈራዋል?