የአልበርታ አሸዋ የመቶ ዓመት ዋስትና አይሆንም

በካናዳዋ አልበርታ ከአሸዋ ጋር ተጣብቆ የተቀበረው ነዳጅ ገና መቶ ዓመት ያኖረናል፣ ንጹሕ ኃይል ግን የሀብታም ቅንጦት ነው ሲሉ የጻፉት ጸሐፊ ክምችትን ከገበያ ጋር አምታተውታል። ነዳጁ መኖሩን የካደ የለም። ጥያቄው በምን ዋጋ ይወጣል ነው። አንድ በርሜል ለማግኘት ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ አሸዋ ተዝቆ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ከክምችቱ 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ደግሞ ጥልቅ ስለሆነ እንፋሎት ካልተነፋበት አይፈስም፤ ውሃውን የሚያፈላው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ነዳጅ ለማውጣት ነዳጅ ማንደድ! የተመረዘው ዝቃጭ በግዙፍ ኩሬዎች ይጠራቀማል። በዚያው አካባቢ በሚያልፈው በአታባስካ ወንዝ ግርጌ፣ በፎርት ቺፐውያን የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ስለ ውሃቸውና ስለ ዓሣቸው ለዓመታት ጮኸዋል። ይህን ወጪ ጸሐፊው የት መዝገብ ላይ አሰፈሩት?

ቅንጦት ላሉትም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ኖርዌይ ውስጥ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የኤሌክትሪክ ነበሩ። ኖርዌይ ሀብታም ናት ይባል። ኢትዮጵያስ? በዚያው ዓመት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ የከለከለችው ለነዳጅ የምታወጣው ዶላር ስለከበዳት ነው። የነዳጅ ገዢው እንዲህ እየሸሸ የአልበርታ አሸዋ ነዳጅ ማዕከል ለሆነችው ለፎርት ማክመሪ ሠራተኛ የመቶ ዓመት እንጀራ ተስፋ መስጠት እሱንም መበደል ነው፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ሌላ ሙያ የሚሠለጥንበት ገንዘብ ነው።