ሙታንን ዳግመኛ የሚከስ ልብ ወለድ

ልብ ወለድ ጽሑፍ የደራሲው ርስት መሆኑን አንክድም። ደራሲ ያልነበረውን ሊያስገኝ፥ የሞተውን ሊያናግር፥ ዛፉንና ድንጋዩን ሊያስመሰክር ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን ርስት ሁሉ ድንበር አለው። የደራሲውም ርስት ድንበር የሌላው ሰው ስም ነው፤ ይልቁንም ባለስሙ አፉ በሞት ተዘግቶ መልስ መስጠት የማይችል ሲሆን።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን፥ በአሜሪካ በፒዩሪታኖች ዘመን የተነሣውን የጥንቆላ ክስ መሠረት አድርገው ታሪክንና ተረትን የሚያዛምዱ ልብ ወለዶች ነገር ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ተከሳሿ ሴት በእውነት አስማተኛ ናት፤ ቅጠል ትበጥሳለች፥ ትደግማለች፥ ከመናፍስት ጋር ትነጋገራለች፤ አንባቢም ይደነቃል። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ተከሳሿ በእውነት አስማተኛ ከነበረች ፈራጆቿ ምን በደሉ?

ታሪኩ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደሚከተለው ነው። በ1692 በማሳቹሴትስ፥ በሳሌም መንደር፥ የሰባኪው የሳሙኤል ፓሪስ የ9 ዓመት ልጅና ዘመዱ የሆነች የ11 ዓመት ልጅ ያንፈራግጣቸው፥ ያስጮኻቸውም ጀመር። በመጀመሪያ የተከሰሱት ጠበቃ የሌላቸው ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ይኸውም የሰባኪው ባሪያ ቲቱባ፥ ለማኟ ሳራ ጉድና በሽተኛዋ ሳራ ኦስቦርን ናቸው። ከዚያ በኋላ ክሱ እንደ ሰደድ እሳት ተዛምቶ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ተያዙበት። 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ጃይልስ ኮሪ የተባለው ሽማግሌ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቱ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ፤ ቢያንስ 5 ሰዎች በወህኒ ቤት አለቁ።

ማስረጃውስ ምን ነበር? ከሳሾቹ «ጥላዋ መጥቶ አነቀኝ» ይሉ ነበር። ተከሳሿ በዚያ ሰዓት ከቤቷ ተኝታ እንደ ነበር ብታስመሰክር አይጠቅማትም፤ የተከሰሰው ሥጋዋ ሳይሆን ጥላዋ ነውና። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ «አዎን፥ ጠንቋይ ነኝ» ብለው በዚያው ቃላቸው የጸኑት ከስቅላት ዳኑ፤ «አይደለሁም» ያሉት ተሰቀሉ። የ71 ዓመቷን ባልቴት ርብቃ ነርስን ዳኞቹ መጀመሪያ ነጻ ናት ብለው ነበር፤ ከሳሾቹ ሲጮኹ ግን ነገሩን እንደ ገና እንዲያዩት ተደረገና ሞት ተፈረደባት። እኅቷ ሜሪ ኢስቲም በጻፈችው ማመልከቻ የለመነችው ስለ ራሷ ሕይወት ሳይሆን ሌላ የንጹሕ ሰው ደም እንዳይፈስ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሞቱት በአንዲት የሐሰት ቃል ነፍሳቸውን ማዳን ሲችሉ ያችን ቃል አንናገርም ስላሉ ነው። ዛሬ ደራሲው በእነርሱ አፍ የሚያኖረው ያችኑ ቃል ነው።

ስማቸውን ለማጽዳት የፈጀውን ዘመን እንመልከት። ከፈራጆቹ አንዱ ሳሙኤል ሲዎል በ1697 በቤተ ክርስቲያን ቆሞ በደሉን አመነ፤ ከከሳሾቹ አንዷ አን ፑትናም በ1706 ይቅርታ ጠየቀች፤ በ1711 መንግሥት የብዙዎቹን ፍርድ ሽሮ ለቤተ ሰቦቻቸው ካሣ ሰጠ። ሞት ተፈርዶባት ሳትሰቀል የቀረችው የኤልዛቤት ጆንሰን ስም የጸዳው ግን በ2022፥ በአንዲት መምህርትና በተማሪዎቿ ጥረት፥ ከ329 ዓመት በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ያጸዳውን ስም ልብ ወለድ መልሶ ሊያቆሽሸው ይገባልን?

ፈጠራን እንደ ፈጠራ የምንነቅፍ አይደለንም። አርተር ሚለር በ1953 ባሳየው ተውኔቱ የሕፃኒቱን ዕድሜ ከ11 ወደ 17 ከፍ አድርጎ ያልነበረ ዝሙት ጨምሯል፤ የተሰቀሉትን ንጽሕና ግን አልነካም። ከሳሌም ፈራጆች የአንዱ ዘር የሆነው ናትናኤል ሆውቶርንም በ1835 ባወጣው አጭር ታሪክ ጎረቤቶቹን ሁሉ በአጋንንት ጉባኤ ያየ ሰው ያሳየናል፤ ነገሩ ሕልም ይሁን እውነት ሳይገልጥ፥ ጥርጣሬ የተጠራጣሪውን ሕይወት እንዴት እንዳመረረ ያስተምረናል። የእውነተኛ ተከሳሾችን ስም መዋሱ ግን ከነቀፋ አያድነውም። በ1986 የታተመው የማሪዝ ኮንዴ ልብ ወለድ ቲቱባን ከሙታን ጋር ስታነጋግር፥ በ2009 የወጣው የካትሪን ሃው መጽሐፍም በሳሌም ዘመን የተከሰሰችውን ዴሊቨራንስ ዴንን የእውነት አስማት ባለቤት ሲያደርጋት እናያለን።

የእነዚህ መጻሕፍት ወዳጆች «አስማቱ የተጨቆነችውን ሴት ኃይል የሚያሳይ ምሳሌ ነው» ይሉናል። ኮንዴ ታሪክ የረሳትን ባሪያ አንደበት ለመስጠት መነሣቷ የሚመሰገን ነው፤ ይህን አንሸሽግም። ነገር ግን ለርብቃ ነርስ ከ«አይደለሁም» የበለጠ ምን ኃይል ይፈለግላታል? ሰውን ለማክበር ከሳሾቹ ያለበሱትን ልብስ መልሶ ማልበስ ግድ ነውን? ደራሲ አስማት ካስፈለገው ስምም ይፍጠርለት፤ ፈጠራ ለእርሱ አይቸግረውም።

ነገሩ የሩቅ አገር ነው የሚል ቢኖር፥ በአገራችን ማረሻ ቀጥቅጦ የሰጠንን ሰው፥ ጀበናና ምጣድ የሠራችልንን ሴት «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችን ስናርቅ መኖራችንን ያስታውስ። አንድ ደራሲ ተነሥቶ፥ በዚህ ስም ሲሰደብ የኖረውን አንድ ቀጥቃጭ በስሙ ጠርቶ «በእውነትም ሌሊት ጅብ ይሆን ነበር» ብሎ ቢጽፍ፥ ለልጆቹ ምን መልስ እንሰጣቸዋለን? «ልብ ወለድ ነው» ብንላቸው ይበቃቸዋልን?

ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። ስለዚህ መምህራን እነዚህን መጻሕፍት ለተማሪዎቻቸው ሲሰጡ የፍርድ ቤቱን ታሪክ አስቀድመው እንዲያስተምሩ፥ ደራሲዎቻችንም ብዕራቸውን በሙታን ስም ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ደጋግመው እንዲያስቡ አደራ እንላለን።