ፈተናው ኦንላይን ሆነ፤ ትምህርቱስ?



መጋቢት 2012 ላይ በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ወደየቤተሰቡ ሲመለስ፣ ኦንላይን ትምህርት ለብዙዎች በቴሌግራም የሚላክ ፒዲኤፍ ነበር። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ለማለፍም 50 ከመቶ ይጠይቃል። መሣሪያው ተቀየረ፤ አጠያየቁ ግን ብዙም አልተቀየረም። የወረቀቱ የምርጫ ጥያቄ እንዳለ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ሰዓት ይቆጠርበታል፣ በቃ።

እንዲህ ያለ ፈተና ከቤት ሲሰጥ መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ በግሩፕ ይዞራል። ኔትወርክ የተቋረጠባት እህታችን ግን ትምህርቱን እያወቀችው ትወድቃለች። ታዲያ የተለካው ምኑ ነው?

ብዙዎች መፍትሔው ካሜራና ጥብቅ ቁጥጥር ነው ይላሉ። እኛ ግን የምዘናው ዓይነት ይቀየር እንላለን። ብዙዎቻችን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጎን ለጎን መድረሳ ቀርተናል። እዚያ ተማሪው ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብሎ ያሰማል፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል፤ በደንብ ሳይዝ ወደሚቀጥለው አያልፍም። የጎረቤቱ ሂፍዝ አይጠቅመውም። መማርና መፈተን አልተለያዩም።

ይህ ለኢንጂነሪንግም ይሠራል። በሰርኪዩት ኮርስ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ የሬዚስተር መጠን ይሰጠው፤ ስሌቱን በእጁ ሠርቶ ፎቶውን ይላክ። ከዚያም «ቮልቴጁ ሳይለወጥ በተከታታይ ሌላ ሬዚስተር ብንጨምር ከረንቱ ለምን ይቀንሳል?» ለሚል ጥያቄ በራሱ ድምፅ መልስ ይስጥ። ይህን ለመላክ ትንሽ ዳታ ይበቃል። ፈተናው በአንድ ሰዓት ከመወሰን ለሁለት ቀን ክፍት ቢሆን፣ መብራት የጠፋበትም ጁሙዓ የሚሰግደውም አይቸገርም።

«መምህሩ ስንቱን ያዳምጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ሁሉንም በየሳምንቱ ማዳመጥ አይጠበቅበትም። በዕጣ አሥር ተማሪ ቢጠይቅ፣ ማን እንደሚደርሰው ስለማይታወቅ ሁሉም ይዘጋጃል። የአንድ ትልቅ ፋይናል ክብደትም ለትንንሽ ሥራዎች ቢከፋፈል፣ ስህተታችንን ኮርሱ ሳያልቅ እናርማለን።

ይህን ሐሳብ በክፍል ተጠሪዎቻችን በኩል ለየዲፓርትመንቱ እናቅርብ። እስከዚያው ግን ፈተናው ደካማ መሆኑ ኩረጃን ሐላል አያደርገውም። ካሜራ ባያየን አላህ ያየናል። ነገ ሰው በሚኖርበት ቤት ሽቦ የምንዘረጋው፣ ድልድይ የምናሰላው እኛው ነን፤ ዕውቀቱ አማና ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።